ሸንቃጣ ያገለገለ መኪና በቀጭን በጀት፦ ከድሬና ከሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከድሬዳዋ፣ ከሐረር፣ አንዳንዴም ከጅግጅጋ የሚመጡ ናቸው። አብዛኞቹ ስለሚመሳሰሉ አንድ ላይ መለስኳቸው። ዋጋ አልጻፍኩም። ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ሳምንት ሳይሞላው ውሸት ይሆናል።

በጀቴ ትንሽ ነው፤ ግን ሲነዳ ደስ የሚል መኪና ነው የምፈልገው። ይገኛል?

ይገኛል። መጀመሪያ ግን ምን እንደምትፈልግ እንለይ። ሁለት በር፣ ክንፍ፣ ቀይ ቀለምና የሚያጓራ ማርሚታ ከሆነ ገንዘብህ መልክ ላይ ያልቃል። የመንዳት ደስታ ያለው ክብደት ላይ ነው። አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን፣ መቶ የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ፍሬኑና ጎማው ጤነኛ የሆነ መኪና ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ ትልቅ ሞተር ከተሸከመ ከባድ መኪና ይልቅ ያስቃል። ቤንዚንም ይቆጥባል፤ ጎማውም የፍሬን ሸራውም ርካሽ ነው።

ገበያው ግን ጠባብ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አክሳሪ አደረገው፣ በ2016 አጋማሽ ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለ፤ ስለዚህ አሁን የምናየው ቤንዚን መኪና ሁሉ አገር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ነው። አንተ ምናልባት አምስተኛው ባለቤት ነህ። ከሞዴሉ በላይ የያዘውን ሰው እይ የምለው ለዚህ ነው።

ታዲያ የትኛውን ልፈልግ?

እኔ መጀመሪያ የማየው ያሪስና ቪትዝ ነው። አትሳቅ። ባለ 1.0 ሊትሩ 70 ገደማ የፈረስ ጉልበት ነው ያለው፤ ለከተማ ይበቃል፣ ለደስታ አይሆንም። ባለ 1.5ቱ ግን ሌላ ነው፤ ጃፓን ላይ ቪትዝ አርኤስ፣ አውሮፓ ላይ ያሪስ ቲ ስፖርት ተብሎ የተሸጠው ከ105 እስከ 110 ይሰጣል። ብዙ የለም። ሆኖም ሻጩ ራሱ ምን እንደያዘ ሳያውቅ በተራ ቪትዝ ዋጋ ሊሸጠው ይችላልና ኮፋኖውን ከፍተህ የሞተሩን ኮድ አንብብ፤ 1ኤንዜድ የሚል ካለ ሞተሩ 1.5 ነው፣ ረጋ ብለህ ተደራደር።

አንድ ነገር ልብ በል። እኛ ያሪሱንም ቪትዝ እንለዋለን። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ግን መሪው በቀኝ ነው። እዚህ በግራ ሆኖ ካገኘኸው መሪው ተዛውሯል ማለት ነው። ማዛወሩ በደንብ ከተሠራ ችግር የለውም። በደንብ ካልተሠራ ግን ዳሽቦርዱ ይንጫጫል፣ መሪው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ የፍሬን ፔዳሉም ልፍስፍስ ይላል። ለሽቅድምድም ስሜት የምትገዛው መኪና መሪው ላይ ጨዋታ ካለው ተወው።

ሁለተኛው ሱዙኪ ስዊፍት ነው። ተራው ስዊፍት ራሱ ጠመዝማዛ ላይ ሕያው ነው። ስዊፍት ስፖርት ካገኘህ ደግሞ ባለ 1.6 ሞተሩ በመጀመሪያው ትውልድ 125፣ ከእ.ኤ.አ. 2011 በኋላ ባለው 136 የፈረስ ጉልበት አለው። ዲዛየር የስዊፍት ባለ ሻንጣ ወንድም ስለሆነና አገሩን ስለሞላው ሱዙኪ የሚያውቅ መካኒክ አይቸግርም። ለስፖርቱ ብቻ የተሠሩት ዕቃዎች ግን ከባድ ናቸው፤ እነሱን አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሱማሌ ተራ ድረስ አስፈልገህ ነው የምታገኘው፣ ያውም ከተገኙ።

ኮሮላ 2003 የሚባለውን ብዙ ሰው ይጠይቃል። ምቹ ነው፣ ዕቃው በየሱቁ አለ፣ ማንዋል ሆኖ 1.6 ከሆነ አያሳፍርም። ነገር ግን የዚያ ዘመን የቶዮታ ዜድዜድ ሞተሮች፣ በተለይ ቀደም ያሉት፣ ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ፒስተኑ ላይ ዘይቱ የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ስለነበሩ ይደፈናሉ፤ ከዚያ የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው፣ ይጣበቅና ዘይቱ አብሮ ይቃጠላል። ቶዮታ ሴሊካ 1.8ም ሞተሩ ያው ዘመድ ነው። የዘይት መለኪያውን ሳታወጣ ዋጋ አትናገር።

ሴሊካ ካነሳን፣ ባለ 190 የፈረስ ጉልበቱ ሞተር ቤንዚንና አየሩን የሚጨምቅበት ልክ 11.5 ለ1 ነው፤ ከፍተኛ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ጥሩ ቤንዚን ይፈልጋል። እኛ ማደያ ላይ የምንመርጠው የለም፣ ያገኘነውን ነው የምንቀዳው፣ እሱንም ተሰልፈን። ሙቀት ላይ አቀበት ስትይዘው ማንኳኳት ሊጀምር ይችላል።

ሃዩንዳይ ኩፔ መልከ መልካም ነው፤ 2.0 ሞተሩም ጠንካራ ነው። ታይሚንግ ቤልቱ መቼ እንደተቀየረ ሻጩ በደረሰኝ ካላሳየህ ግን ገና ነገ እንደምትቀይረው አስበህ ከዋጋው ቀንስ። ቤልቱ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ፣ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ይወርዳል።

ጎልፍ ጂቲአይ ለሚሉኝ፦ 200 የፈረስ ጉልበት፣ ቱርቦ፣ በጣም የሚያምር መኪና። በቀጭን በጀት ድሬ ላይ አትያዘው። ጊርቦክሱ ሲታመም ኪስህም አብሮ ይታመማል።

ኮሮላ ዲኤክስስ? አሮጌ ነው ይሉኛል

አሮጌ ነው። ግን ለዚህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ የምወደው መልስ እሱ ነው። ኮሮላ ዲኤክስ የምንለው፣ ሙሉ በሙሉ በኋላ ጎማ የሚገፉ የመጨረሻዎቹ ኮሮላዎች ትውልድ ነው። ከሱ ቀጥሎ በእ.ኤ.አ. 1983 የመጣው ኮሮላ፣ ከኩፔዎቹ በቀር፣ በፊት ጎማ መሳብ ጀመረ። ዲኤክስ ቀላል ነው፣ ካርቡራተሩን መንገድ ዳር የሚያስተካክል ሰው አለ፣ ሞተሩ ውስጥ ለመግባት ኮምፒውተር አይጠይቅም። 1.3 ሞተሩ ፈጣን አይደለም። ይሁን እንጂ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ሆነህ 120 የሄድክ ይመስልሃል፤ ርካሽ ደስታ ማለት ደግሞ ይኸው ነው።

ማየት ያለብህ ዝገትና ስቱኮ ነው። ላሜራው በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም የተቀባ ዲኤክስ በየቦታው አለ። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ በበሮቹ ታችና በፓራፋንጎው ዙሪያ አዙረው። ካልያዘ ሥሩ ብረት የለም። የኋላ ዲፈረንሲያሉንም ጋዝ ስትሰጥና ስትለቅ አዳምጠው፤ የሚያላዝን ከሆነ ተበልቷል።

በወጣትነቴ ሐረር ላይ ፔጆ 404 ታክሲ ነድቻለሁ። አሁን ለራሴ አንድ ብገዛ ይሳቅብኛል?

ጋሼ፣ የሚስቅ ሰው ታሪኩን አያውቅም። ይሄ ሐረር ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ለስንት ዓመት ሰውና ጫት ሲያመላልስ የኖረ መኪና የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በእ.ኤ.አ. 1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 ያሸነፈ ነው። አቧራና ጉድጓድ ሥራው ነው። በኋላ ጎማ ይገፋል፣ መልኩን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው፣ የቤት መኪናው ፈረንሳይ ላይ መመረት ያቆመውም በእ.ኤ.አ. 1975 ነው። የርስዎ ችግር መካኒክ አይደለም፣ ሐረር ላይ አሉልዎ። ችግርዎ ሞተሩና ሊብሬው መገጣጠማቸው ነው፤ ስንቱ 404 ነው የሌላ መኪና ሞተር ተተክሎለት የሚሄደው። ቁጥሩን ሳያስተያዩ እንዳይከፍሉ።

አዲስ አበባ ላይ ስሞክረው ሞቶ ነበር። ድሬ ሲመጣ ነፍስ ይዘራል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት አለው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ገደማ ያጣል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ድሬ 1,200 ገደማ። ስለዚህ ፋብሪካው 110 ያለው መኪና አዲስ አበባ ላይ 85 አካባቢ፣ ድሬ ላይ 97 አካባቢ ይሰጥሃል። ሐረር መሀል ላይ ነች። ሙቀቱ ከዚህ ጥቂት ይመልሳል፣ ሞቃት አየር ቀጭን ነውና፤ ቢሆንም ልዩነቱ በእግር ይታወቃል።

ይሄ በሁለት በኩል ይሠራል። አዲስ አበባ ሄደህ ስትገዛ «ደካማ ነው» ብለህ ጥሩውን እንዳትተው። ድሬ ላይ ስትሞክረው ደግሞ ታች ሰፈር ሜዳው ላይ ብቻ ነድተህ «ይበራል» እንዳትል።

ሙቀቱስ? ሁሉም ሰው ራዲያተር ራዲያተር ይለኛል

ልክ ናቸው። ድሬ ላይ መኪና የሚገድለው ፍጥነት ሳይሆን ሙቀት ነው፣ በተለይ ሞተሩ በኃይል የሚሠራበት ዓይነት መኪና ሲሆን።

መጀመሪያ ውሃው። የድሬን ውሃ ያፈላ ማንቆርቆሪያ ውስጡን ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ነጩ ቅርፊት ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል። ዓመታት ሙሉ የቧንቧ ውሃ የተሞላ ራዲያተር ከውጭ አዲስ መስሎ ውስጡ ግማሹ ተደፍኖ ይሆናል። መኪናው ቀዝቅዞ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት። ውስጡ አረንጓዴ ወይም ቀይ ኩላንት ከሆነ ባለቤቱ የሚጠነቀቅ ሰው ነው። ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ ከሆነ ዋጋ ቀንስ። ዘይት የተንሳፈፈበት ከሆነ ሰላም ብለህ ተለይ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሄዷል።

ሁለተኛው ቴርሞስታቱ ነው። ብዙ ቦታ መኪና ሲሞቅ መጀመሪያ የሚደረገው ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ይሄ በሽታውን አያድንም፣ ይደብቀዋል። ሞተሩ ልኩ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ይሠራል፣ ቤንዚን ይበላል፣ የኋላ ኋላም የተደፈነው ራዲያተር አቀበት ላይ ይጋለጣል። «ቴርሞስታት አለው?» ብለህ ጠይቅ። ሻጩ «እሱ ለድሬ አያስፈልግም» ካለህ መልሱን አግኝተሃል።

ሦስተኛው ክዳኑ። ድሬ ላይ ንጹህ ውሃ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ደንገጎ ላይ ከዚያም ባነሰ። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የክዳኑ ግፊትና ኩላንቱ ነው። የላላ ክዳን ይዘህ አቀበት መውጣት ማለት ማሰሮ ክፍት አድርጎ ማፍላት ነው። ክዳን ርካሽ ነው፤ ገና እንደገዛህ ቀይረው።

የት ልሞክረው?

ደንገጎ። ሌላ ፈተና አያስፈልግም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ጠዋት አስነሳው፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ ሌላ ቀን ቅጠረው። ስታስነሳ ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፣ የማያቆም ነጭ ጭስ ውሃ ነው። ከዚያ ኤሲውን ክፈትና ወደ ሐረር መንገድ ውጣ። አቀበቱን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ያዘው፣ የሙቀቱ መርፌ ከመሀል ካለፈ ጉዳዩ አለቀ። ከላይ ቆመህ ሞተሩ ሳይጠፋ ጥቂት ጠብቅ፤ ቆሞ ሲሞቅ ፋኑ መነሳት አለበት። ስትወርድ ደግሞ ማርሽ ይዘህ ውረድ፣ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬኑን አጥብቀህ ሞክር። ፔዳሉ ወደታች እየሰመጠ ከሄደ ወይም መሪው ከተርገበገበ ቢያንስ ሸራና ዲስክ ይፈልጋል። የጭነት መኪና ኋላ ኋላ ተከትለህ አትቅደም፤ መኪናውን ነው የምትሞክረው፣ ዕድሜህን አይደለም።

ሻጩ «መካኒክ አያስፈልግሽም፣ እኔ ዋስ ነኝ» አለኝ። እሺ ልበል?

እህቴ፣ እሺ እንዳትይ። የራስሽን መካኒክ ይዘሽ ሂጂ፣ ሻጩ ከሚያውቀው ጋራዥ ሳይሆን አንቺ ከመረጥሽው። በኮምፒውተር ምርመራ፣ ዲያግኖስቲክ፣ አስደርጊ። ግን አንድ ተንኮል አለ፤ ከመምጣትሽ በፊት ስህተቱን ከኮምፒውተሩ ያጠፉታል። መካኒኩ የመኪናው ኮምፒውተር ራሱን የሚፈትሽባቸው ፍተሻዎች ተጠናቀው እንደሆነ እንዲያይልሽ ንገሪው፤ ገና «አልተጠናቀቀም» የሚሉ ከበዙ ትናንት ነው የጠፋው። ቁልፉን አንድ ደረጃ ስታዞሪ የሞተሩ ቢጫ መብራት መብራት አለበት፣ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን ነቅለውታል።

ኪሎ ሜትሩን አትመኚው፣ ይመለሳል። የፔዳሉን ላስቲክ፣ የመሪውን ቆዳና የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ እዪ፤ 80 ሺህ ሄደ የተባለ መኪና ፔዳሉ ተልጦ ካገኘሽው እንዴት ሆነ በይ። ጎማውም ላይ አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ በእ.ኤ.አ. 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የድሬ ፀሐይ ጎማ ታደርቃለች፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ጠመዝማዛ ላይ አይታመንም።

ከወዲያ በኩል በግማሽ ዋጋ አገኘሁ። ወረቀቱ ግን «ይስተካከላል» ይላሉ

አይስተካከልም። ይሄን ጥያቄ እንደኛ አካባቢ የሚጠይቅ የለም፣ ለድንበር ቅርብ ነንና። ሶማሌላንድ ድንበር ላይ ባለችው በቶጎ ውጫሌ በኩል ቀረጥ ሳይከፈልባቸው የሚገቡ መኪኖች አሉ፤ ብዙዎቹ በቀኝ መሪ ናቸው፤ የሚያማምሩት ስፖርት መኪኖችም እዚያ ነው የሚታዩት። አቦ፣ ልብ ይሰርቃሉ። ጉምሩክ ግን አንድ ቀን ኬላ ላይ ያስቆምህና መኪናውን ይወስደዋል፣ ገንዘብህን የሚመልስልህ የለም።

ሊብሬ ያለውም ቢሆን አራት ነገር አጣራ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም፤ ቁጥሩ ዙሪያ የተፋቀ ወይም የተበየደ ነገር ካለ ተመለስ። ቀለሙም ሊብሬው ላይ የተጻፈው መሆን አለበት። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም፤ የጉምሩክ ወረቀቱን፣ ዲክላራሲዮኑን፣ ጠይቅ። ባንክ ወይም ፍርድ ቤት ያገደው እንዳይሆንም የተመዘገበበት ትራንስፖርት ቢሮ ፋይሉን አስወጥተህ እይ፤ ሰሌዳው የሌላ ክልል ከሆነ ፋይሉ እዚያ ነው ያለው፣ ያን ጣጣ ማን እንደሚጨርስ ከቀብድ በፊት ተነጋገሩ።

ውሉን እንዴት እናድርግ?

በርጫ ላይ የተጻፈ ውል ውል አይደለም። ድሬ ላይ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ፊት ለፊት ፈርሙ። ሻጩ ያገባ ከሆነ ሚስቱም ትፈርማለች፣ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ያመጣል። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚል መሆኑን አንብብ፣ አለመሻሩንም አረጋግጥ፤ ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮ ያበቃል። ስም ሲዞር 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ። የሦስተኛ ወገን መድንና ቦሎ ደግሞ በሕግ ግዴታ ናቸው፣ መቼ እንደሚያልቁ እይ። ቀሪውን ገንዘብ ስሙ ሳይዞር አትጨርስ።

ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ?

ማንዋል። ፍሪሲዮን እዚሁ ይቀየራል። የተበላሸ ሲቪቲ፣ ማለትም ያለ ማርሽ ደረጃ የሚሠራው አውቶማቲክ፣ ግን ዕቃ ብታገኝለት እንኳ እጅ አታገኝለትም።

ዝቅ ባደርገው፣ ቸርኬ ብቀይር፣ ማርሚታ ባስገባ?

ድሬ ሳቢያን ሰፈር ላይ ኮብልስቶኑንና የባጃጅ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎቹን አይተሃል? ሞላ ቆርጠህ ዝቅ ያደረግከው መኪና ሆዱን ሲያሽ ይውላል፣ መሪውም ይከዳሃል። ሞላ አትቁረጥ። ትልቅ ቸርኬና ቀጭን ጎማ ደግሞ መኪናውን ያከብደዋል እንጂ አያፈጥነውም። ማርሚታው ድምፅ ይጨምራል፣ ጎረቤትና ትራፊክ ያስቆጣል፣ ፍጥነት አይጨምርም። ያን ገንዘብ ጥሩ ጎማና አዲስ ሾክ ግዛበት፣ መኪናው ሌላ መኪና ይሆናል። ሞተር ከቀየርክ ግን ሊብሬው ላይ ይቀየር፣ ያለዚያ ቦሎ ላይ ትያዛለህ።

ያገለገለ ኤሌክትሪክስ?

ሲነሳ ወደ ወንበርህ ይጥልሃል፤ ከፍታም ጉልበቱን አይነካውም። የሐረር አቀበት ላይ የሚደርስበት ቤንዚን መኪና ጥቂት ነው፣ ሲወርድ ደግሞ ባትሪውን ጥቂት ይሞላል። ግን ከባድ ነው፣ ባትሪው ሙቀት አይወድም፣ ለቻይና ገበያ የተሠራ ከሆነ ስክሪኑ በቻይንኛ ነው። ሳይመረመር ያገለገለ ባትሪ አትግዛ። አዲስ አበባ ለመመላለስ ካሰብክ መንገድ ላይ የት እንደምትሞላው አስቀድመህ አጣራ።

ደላላ ያስፈልጋል?

ለማግኘት ያስፈልጋል፣ ለማመን አያስፈልግም። ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍል መጀመሪያ ቁረጡ።

ገዛሁት። ምን ላስቀድም?

ከበጀትህ አንድ አምስተኛውን ሳትነካ አቆይተህ ከሆነ ጎበዝ። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ቀይር። ራዲያተሩን አሳጥብ፣ ቴርሞስታቱን መልስ፣ በኩላንት ሙላ፣ ክዳኑን ቀይር። የፍሬን ዘይቱን ጨርሶ አስቀይር፤ ያረጀ የፍሬን ዘይት ውሃ ስለሚስብ ከደንገጎ ቁልቁል ስትወርድ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። የታይሚንግ ቤልት ያለው ከሆነና ደረሰኝ ከሌለ እሱም በዚህ ሳምንት። ጎማው ካረጀ አራቱንም አንድ ዓይነት አድርገህ ግዛ፤ ገንዘብ ካጠረህ ሁለት ሁለት፣ አዲሶቹን ከኋላ። ሬዲዮውን ለጊዜው ተወው።